የግራው የኋላ በር

ጥቅምት 6 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፣

ይህ ወረቀት በጤናና በሙሉ ጉልበት ያግኝዎት። አባቴ፣ እናቴና እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ደህና ያልሆነችው መኪናዋ ብቻ ናት።

ማን እንደሆንኩ ላያስታውሱኝ ይችላሉ። የአክስትዎ ልጅ የሆነው የሹፌሩ ልጅ ነኝ። ከዚህ ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ ገና ሁለት ዓመቴ ነበር። እናቴ እንደምትለው እኔና ልጅዎ የተወለድነው በአንድ ወር ነው፤ ስናለቅስ እንኳ ተራ አንጠብቅም ነበር አሉ። የእሷን መርዶ የሰማን ጊዜ እናቴ ሦስት ቀን አለቀሰች። ሳንባዋን አሟት ነው ተባለ። ሁለት ዓመት ሆነው። ያኔ ልጽፍልዎ ፈልጌ ምን እንደሚባል አላወቅኩም። አሁንም አላውቅም።

አባቴ «ደውይለት» ብሎኝ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። ስልክዎ ይጠራል፣ አይነሳም። እውነቱን ለመናገር ባለመነሳቱ ደስ አለኝ። ስልክ ላይ ድምፄ ይጠፋል። አባቴ «አንቺ ስትደውይ ያነሳው ሰው መስመሩ የተቋረጠ ነው የሚመስለው» ይላል። ትምህርቴንም ያቆምኩት በዚሁ ነው። ስሜ ሲጠራ «አቤት» ማለት እያቃተኝ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀሪ ተባልኩ። ከሰባተኛ ክፍል ወዲህ ከአባቴ ጋር እሠራለሁ። ጽሑፌ ላይ ስህተት ካለ ይለፉኝ።

አባቴ የሰፈሩን ልጆች ጠዋት ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ከሰዓት ይመልሳል። የእኔ ሥራ መኪናዋን ማጠብና ለልጆቹ በር መክፈት ነው። ባለፈው ሳምንት ለዓመታዊ ምርመራ ወሰድናት። መርማሪው ጎንበስ ብሎ በእስክሪብቶው የግራውን የኋላ በር ታችኛ ጠርዝ ነካ አደረገው፤ እስክሪብቶው ገብቶ በማዶ ወጣ። «ይሄ በር ነው ብስኩት?» አለ። አባቴ ሳቀ፣ መርማሪው አልሳቀም። የሚለወጠውን ሁሉ ጽፎ እስከ መጋቢት 26 ጊዜ ሰጠን። ያን ቀን ካላለፈች ሰሌዳዋ ይፈታል። ሰሌዳዋ ከተፈታ ልጆቹን ሌላ ሹፌር ይወስዳቸዋል። አባቴ ደግሞ ከዚህ ሌላ ሥራ አያውቅም፤ ዕድሜውም ለሌላ ሥራ አይሆንም።

የመኪና ላሜራ የሚቀጠቅጠው ባትላሜራ አለ፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሐኪሙ» ነው የሚለው። ዙሪያዋን ዞሮ አያትና «መኪናዋ ዝገት የለባትም» አለ። የአባቴ ፊት በራ። «ዝገቱ ነው ትንሽ መኪና ያለበት» ብሎ ጨረሰው። ልበይድ ቢል የሚበየድበት ደህና ብረት አጣ። ያገለገለ ዕቃ ፈልጉ አለን።

እርስዎ አሮጌ መኪና የሚፈታበት ግቢ እንደሚሠሩ ሰምተናል። የሞተር ኮፈን፣ የፊት ጎማዎቹ መሸፈኛ ሁለቱ ፓራፋንጎዎች፣ ከሁሉም በላይ ግን የግራው የኋላ በር ያስፈልገናል። የመኪናዋን ዓይነት በሌላ ወረቀት ላይ ጽፌ አያይዤዋለሁ። ዋጋው የሚቀመስ ከሆነ አባቴ ይልካል።

መልስዎን በር በሩን እያየሁ የምጠብቅ፣
ቤት ውስጥ «ዝምተኛዋ» የሚሉኝ


ኅዳር 3 ቀን

ለልጄ ለዝምተኛዋ፣

ሰላምታዬ ካንቺ ጀምሮ ለቤቱ ሁሉ ይዳረስ። የአባትሽን ጉልበት፣ የእናትሽን ዓይን ይጠብቅልኝ። እኔ አለሁ።

ስልክ አላነሳሁም ብለሽ አትቀየሚኝ። ከማንም አላነሳም። እንግዲህ ሁለት ዝምተኞች ተገናኘን፤ ወረቀት ይቻለን።

የምሠራበት ግቢ ሰፊ ነው። መኪና ተጎትቶ ይመጣል። መጀመሪያ ዘይቱንና ነዳጁን እናፈሳለን፣ ከዚያ በሮቹን፣ መቀመጫዎቹን፣ መስተዋቶቹን እንፈታለን። የቀረውን ቀፎ መጭመቂያው እንደ ሻንጣ አጣጥፎ ያወጣዋል። መኪና እንደገባ ኮፈኗ ላይ በቢጫ ጠመኔ ምልክት ይደረግባታል። ክብ ከሆነ ትፈታለች። አንድ ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ ሰው የሞተባት ናት፤ ብሎን አይነካባትም፣ በቀጥታ ወደ መጭመቂያው ነው። ሕግ አይደለም። የሠራተኞቹ ልማድ ነው፤ ግን ሲያፈርሰው ያየሁት ሰው የለም።

የእናንተን መኪና ዓይነት አውቃታለሁ። ግቢው ጥግ ላይ አንድ ቆማለች። ቀለሟ እንኳ የእናንተው ሰማያዊ ነው። ኮፈኑንና ፓራፋንጎዎቹን ፈትቼ በመርከብ ዕቃ ከሚልክ ሰው ጋር ልኬያለሁ። ስለ ዋጋ አባትሽ አንድ ቃል እንዳይናገር።

የግራው የኋላ በር ግን አይሆንም። እሱን እዚያው ፈልጉ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለልጆቹ በር የምትከፍችላቸው አንቺ ነሽ ብለሻል። እነሱ ከውስጥ ራሳቸው አይከፍቱም? ጻፊልኝ።

ጋሼሽ


ታኅሣሥ 14 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፣

ያሰቡልንን ያህል ፈጣሪ ያስብልዎት። እናቴ ዕቃው ሲመጣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ የመረቀችዎትን ልጽፈው ብል ወረቀቱ አይበቃም።

ሁሉም ገጠመ። ሐኪሙ ኮፈኑን ሲያስቀምጠው መዶሻ እንኳ አላነሳም። «ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ነው። የማን እንደነበር ጠይቁልኝ፤ እንዲህ ያለ ዕቃ በሕይወቴ አልገጠምኩም» አለ። አባቴም ከስንት ጊዜ በኋላ ሲያፏጭ ሰማሁት።

ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ተራ በሩን ፍለጋ ሦስት ጊዜ ሄድን። በሮች እንደ መጻሕፍት ተደርድረዋል። ሻጩ የእኛን ዓይነት ከሥር ጎትቶ አወጣ፤ የቀኝ ነው። አባቴ «የግራ ነው የምፈልገው» ቢለው፣ «አባት፣ ገልብጠው ቢገጥሙትስ?» አለው። «አንተን ገልብጬ ብገጥምህ ይሻላል» አለ አባቴ፤ ሁሉም ሳቁ። ሌላው ሻጭ የግራውን አገኘልን። ዋጋውን ሲነግረን ግን አባቴ በሩን እንደ ተኛ ሕፃን ቀስ አድርጎ መልሶ አስቀመጠው። እስከ ቤት ድረስ አላፏጨም።

ለጠየቁኝ፣ ልጆቹ ከውስጥ መክፈት ይችላሉ። ግን ትንንሾቹን እጀታው ይከብዳቸዋል፤ ስለዚህ እኔ ዞሬ ከውጭ እከፍትላቸዋለሁ። ይህን ሥራ እወደዋለሁ። ንግግር የለበትም።

ጥግ ላይ የቆመችው መኪና በሩ የላትም? ወይስ ተሰብሯል? ቢሰበርም ሐኪሙ ያቃናዋል። ደግሜ በመጠየቄ አይቆጡኝ።

አክባሪዎ፣
ዝምተኛዋ


ጥር 12 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? የመጨረሻው ደብዳቤዬ ደርሶዎት ይሆን? ከዚያ ወዲህ አንድም ወረቀት ስላልመጣ፣ ያስቀየምኩበትን መስመር ፍለጋ የጻፍኩትን በልቤ ደጋግሜ አነበብኩት።

ጊዜው እየሄደ ነው። ሐኪሙ አሮጌውን በር በስቱኮ ሞልቶ ቀባው። ላዩ ሲታይ ሙሽራ ይመስል ነበር። ትናንት አንዱ ልጅ በሩን ወርወር አድርጎ ሲዘጋው ስቱኮው እንዳለ መሬት ላይ ወደቀ። አባቴ ፍርፋሪውን ለቅሞ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ለአባቴ አልነገርኩትም። ከእርስዎ የመጣው ኮፈን ጠዋት ጠዋት ውሃ ይቋጥራል። የጎረቤት መኪኖች ደረቅ ናቸው፤ የእኛም ጣሪያዋ ደረቅ ነው። ኮፈኑ ብቻ። በጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ አባቴ ሲወጣ ያጠብኩት ይመስለዋል።

እባክዎ ጋሼ፤ የአባቴ እንጀራ በዚያ በር ላይ ነው።

ዝምተኛዋ


ጥር 24 ቀን

ለዝምተኛዋ፣

ለሁላችሁም ጤና ይስጥልኝ። ምንም አላስቀየምሽኝም። የጠፋሁት እኔው ከራሴ ጋር ስጣላ ነው።

ጊዜው እንዳያልፍ በሩን በአውሮፕላን ልኬዋለሁ። ብሎኖቹ ከጠዋት እስከ ምሳ እንቢ አሉኝ።

የምልሽን በደንብ ስሚ። የበሩ ጠርዝ ላይ፣ በሩ ሲዘጋ የማይታይ ቦታ፣ የጣት ጥፍር የምታህል ምላስ አለች። ምላሷ ወደ ታች ከሆነች በሩ ከውስጥ አይከፈትም፤ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው። መኪና እየሄደ ሕፃናት እንዳይከፍቱት የተሠራ ነው። ወደ ላይ አድርጊያት። ለሐኪሙ አትተዪው፤ አንቺው አድርጊው። በየጠዋቱም እዪያት።

ዝናብ የዘነበ ቀን በሩ አጠገብ ሆነሽ አዳምጪ። የሰማሽውን ጻፊልኝ። ምንም ካልሰማሽም ምንም አልሰማሁም ብለሽ ጻፊልኝ።

ጋሼሽ


የካቲት 24 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከፍ ያለ ነው። ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ ስላለኝ ወደ ነገሩ ልግባ።

በሩ የካቲት 11 ደረሰ። ልክ እንደ ሌሎቹ ገጠመ። የውጭ እጀታው ብቻ ጥቁር ነው፤ ከሌላ መኪና የመጣ ይመስላል። ሐኪሙ በሩን ቀና ሲያደርገው ከሥሩ ውሃ ወረደ። ብዙ ውሃ፣ ቡናማ፣ ትንንሽ አሸዋ ያለበት። «ግቢ የኖረ በር ውሃ ይይዛል» አለ። ፀሐይ ላይ አድርቀን ገጠምነው። በማግስቱ ጠዋት በሩን ስከፍት እንደገና አንድ ጣሳ ያህል እግሬ ላይ ፈሰሰ። ዝናብ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እንደዚያው ነው።

ምላሷን እንዳሉኝ ወደ ላይ አደረግኋት። በነጋታው ወደ ታች ሆና አገኘኋት። መለስኳት። ተመለሰች። አባቴን «ነክተሃታል?» ብዬ ብጠይቀው ምላስ መኖሩንም አያውቅም። ሐኪሙ «ስፕሪንጓ ደክሞ ነው» ብሎ በፒንሳ ጨመቃት፤ ጣቱን ልኮ ሞከራት፣ አልነቃነቅ አለች። «በቃ፣ ይቺ እንግዲህ እኔ ብሞት አትወርድም» አለ። ከሰዓት ልጆቹን ልናመጣ ስንሄድ ወደ ታች ነበረች።

አባቴ መኪናዋ ወደ ግራ ታዘነብላለች ይላል። «ባዶዋን ሰው የጫነች ትመስላለች።» ለሐኪሙ ቢነግረው ከሥሯ የሚሸከማትን ሞላ አይቶ ምንም አላገኘም። ልጆቹን ደግሞ ሳይቆጥር አይነሳም። ከኋላ አራት ናቸው። በመስተዋቱ አይቶ «አምስት» ይላል። ዞር ብሎ ይቆጥራል፤ አራት። «መነጽር ሳያስፈልገኝ አልቀረም» አለ፤ ልጆቹ ሳቁበት። ትንሿ ልጅ ግን አልሳቀችም። እሷ ድሮ በበሩ በኩል ለመቀመጥ የምትጣላ ነበረች። አሁን ሁሉም ወደ ቀኝ ተጣበው ይቀመጣሉ። «ለምን አትጠጊም?» አላት አባቴ። «እርጥብ ናት» አለችው። ወንበሩ እርጥብ ነው አላለችም።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት ዘነበ። መኪናዋ ደጅ ቆማ ነበር፤ ባዶ። ጃንጥላ ይዤ እንዳሉኝ አጠገቧ ቆምኩ። ከውስጥ መስተዋቱ ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ። ኃይለኛ አልነበረም፤ አንድ ሰው እንደሚመጣለት የሚያውቅ ሰው የሚያንኳኳው ዓይነት ነው። መስተዋቱ በጉም ተሸፍኖ ውስጡ አይታይም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሦስት። እኔ ሥራዬ በር መክፈት ነው፤ ከፈትኩት። ማንም የለም። ውሃው ፈሰሰ፤ መኪናዋ ግን ወደ ግራ እንዳዘነበለች ቀረች። ከፍቼ ብጠብቅም ያንኳኳው ሰው አልወረደም።

የመርማሪው ወረቀት ላይ «አራቱም በሮች ከውስጥም ከውጭም መከፈት አለባቸው» ይላል። የቀረን አንድ ወር ነው። በሩን አውጥተን አሮጌውን ብንመልስ እስክሪብቶው ያልፍበታል። ይህን እንዳለ ብንተወው ከውስጥ አይከፈትም።

አንድ ጥፋት አለብኝ። ኮፈኑ መጀመሪያ የመጣ ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት ሳሸው ተጠርጎ ያልለቀቀ ቢጫ ነገር አይቼ ነበር። የክብ ቁራጭ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩና አሸሁት። ክብ አልነበረም። ቀጥ ያለ ነው።

ጋሼ፣ ማናት? ማን ነው ብዬ ልጽፍ ነበር።

ዝምተኛዋ


መጋቢት 7 ቀን

ለልጄ፣

ሰላምታ አላስረዝምም። ይህ ወረቀት ከምርመራው ቀን በፊት ይድረስሽ ብዬ ነው የምለምነው።

መኪናዋ የእኔ ናት። ኮፈኑም፣ ፓራፋንጎዎቹም፣ በሩም።

ሳንባዋን አሟት ነው ብያችሁ ነበር። ውሸት አይደለም። ሳንባዋ ውስጥ የገባው ምን እንደሆነ ነው ያልተናገርኩት።

መኪናዋን የገዛሁት ልጄ አምስት ዓመቷ እያለ ነው። ያኔ የበሩን ምላስ ወደ ታች አደረግኋት፣ እየሄድን በሩን እንዳትከፍተው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ስንደርስ ከውስጥ መስተዋቱን ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች። እኔ ዞሬ እከፍታለሁ፤ እንደ ሹፌር እጅ እነሣና «አለቃ፣ ደርሰናል፤ ይውረዱ» እላታለሁ። ቀስ ብዬ ካልኩት አትወርድም። «አልሰማሁም» ትላለች። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ጮኼ ስለው ነው የምትወርደው። አደገች። ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ ሦስት ሆነች። ምላሷን መመለስ የአንድ ጣት ሥራ ነበር። ጨዋታችን እንዳይቀር ብለን ተውናት። እሷም ተወቻት፣ እኔም ተውኳት።

ያን ቀን ጠዋት ዝናብ ነበር። መንገዱ ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ ውሃ ሞልቷል። የጎማውን ግማሽ አይደርስም ብዬ ገባሁ። እሷ ከኋላ ሆና «ጀልባ ሆንን!» እያለች ትስቅ ነበር። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲሉ ለተረት ይመስለኝ ነበር። መኪናዋ ተነሳች፣ ዞረች፣ ወደ ወንዙ ገባች። እኔ በፊት መስኮት ወጣሁ። መኪናዋን በእጄ እየያዝኩ ወደ እሷ በር ደረስኩ። የውጭውን እጀታ ስስበው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ዝገት ነበር። ላስቀይረው እያልኩ ነበር።

ከውስጥ ሦስት ጊዜ አንኳኳች። እንደ ሌላው ቀን። ከዚያ ውሃው እኔን ወሰደኝ።

ግቢው ውስጥ መስመሩን ያሰመረባት ጓደኛዬ ነው፤ የእኔ መሆኗን አያውቅም ነበር። ወደ መጭመቂያው ሲጎትቷት ለመንኳቸው፣ ጥግ ላይ አቆሙልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳዬን አጠገቧ በላሁ። በሩን ግን አንድም ቀን አልከፈትኩም። ያንቺ ደብዳቤ ሲመጣ፣ ከምትጨመቅ የሚነዳት ሰው ዘንድ ትሂድ አልኩ። ሌላ እጀታ ገጥሜ በሩን ከፈትኩት። ምላሷ እንዳለች ወደ ታች ነበረች። ልመልሳት ጣቴን አቀረብኩ፤ ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። ለአንቺ ተውኩት። እኔ ያቃተኝን ለልጅ ጭኜ ላክሁ። ይቅር በይኝ።

ከእንግዲህ ምላሷን አትታገያት። ልጄ የምትጠብቀው ቃሉን ነው። እኔ እዚህ ለቀረው ቀፎ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ፤ በር ለሌለው ቀፎ ምን ይከፈታል። ቃሉን ነግሬሻለሁ። ጮክ ተብሎ ነው የሚባለው። ከባድ ነገር እንደጠየቅሁሽ አውቃለሁ።

ጋሼሽ


መጋቢት 27 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፣

ፈጣሪ እንዴት አድርጎ ያጽናናዎት። ደብዳቤዎ መጋቢት 25 ከሰዓት ደረሰ። ለአባቴ አልነገርኩትም። ቃሉን ግን ልብስ ሳጥብ በልቤ፣ ሰሃን ሳጥብ በልቤ እያልኩ ዋልኩ። አፌ ላይ አንድም ጊዜ አልመጣልኝም።

ትናንት ጠዋት ወሰድናት። ብዙ መኪና ተሰልፏል፤ ሹፌሮቹ ወርደው ቆመው ያወራሉ። ደርሶን ስንገባ ያው መርማሪ ነው። አባቴን አስታወሰው። «ብስኩቱ የታለ?» አለ። ጎንበስ ብሎ በሩን በእስክሪብቶው መታ መታ አደረገው፤ ብረት ነው። መብራት አየ፣ ፍሬን አየ። ሦስቱን በሮች ከውስጥ ከውጭ ከፈተ ዘጋ። ወደ ግራው የኋላ በር ሲመጣ ከውጭ ከፈተው፤ ውሃው ቀድሞ ፈሶ አልቆ ነበር። «አሁን ከውስጥ» አለ። እኔ ገባሁ። መርማሪው ዘጋብኝ።

እጀታውን ሳብኩት። አልተከፈተም። ደግሜ ሳብኩት። በመስተዋቱ መርማሪው ወረቀቱን ሲያስተካክል አየሁ። አባቴ ከኋላው ኮፍያውን አውልቆ ይዟል። ሰው ሲቀበር የሚያደርገው እንደዚያ ነው።

ያኔ ተንኳኳ። ከአጠገቤ። ሁለቱም እጆቼ እጀታው ላይ ነበሩ።

«አታንኳኪ እንጂ፣ ክፈቺው!» አለ መርማሪው።

ቀኝ ጎኔ በርዶኝ ነበር። እርጥብ ልብስ የለበሰ ሰው ሲጠጋ እንደሚበርደው። ዞሬ አላየሁም ጋሼ፤ እንዳላይ የያዘኝ ፍርሃት ብቻ አይደለም፣ እፍረትም ነበር። ቃሉን አልኩት። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ደግሞ ተንኳኳ። «አልሰማሁም» ማለቷ መሆኑ ገባኝ።

መርማሪው እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አደረገ። እኔም ጮኽኩ። «አለቃ፣ ደርሰናል፤ ይውረዱ!» እንደዚያ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። የሰልፉ ሹፌሮች ሁሉ ዞሩ። «ማነች ባለሥልጣኗ?» አለ አንዱ፤ ሳቁ።

በበሩ ጠርዝ ውስጥ ምላሷ ቀጭ አለች። እጀታውን ሳብኩት፣ ተከፈተ። ከውስጥ። ከባዶው በር እንደገና ውሃ ፈሶ የመርማሪውን ጫማ አራሰው። «መኪና ነው ጀልባ?» ብሎ ወደ ኋላ ዘለለ። እኔ ገና አልወረድኩም ነበር፤ መኪናዋ ግን በግራ በኩል ቀስ ብላ ከፍ አለች፣ ሰው ሲወርድ ከፍ እንደምትለው።

ወዴት እንደሄደች አላየሁም። የሚስቁት ሹፌሮች ግን አንድ በአንድ ዝም አሉ። መጀመሪያ ቅርቡ ያለው ዞር ብሎ ከኋላው አየ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው፣ እስከ ግቢው በር ድረስ። አንድ ሰው መሐላቸው እያለፈ እንደሚነካቸው።

መርማሪው ፈረመ። አልፈናል። ስንመለስ አባቴ በመስተዋቱ አየኝና ከልማዱ «አንድ» ብሎ ቆጠረ። ቤት ልንደርስ ስንል «ያ ድምፅ ያንቺ ነው?» አለኝ። «አዎ አባዬ» አልኩት። «እንግዲህ ስልክ ሲጠራ አንቺ ታነሺያለሽ» አለ።

ዛሬ ጠዋት በሩን ስከፍት ደረቅ ነው።

ዝምተኛዋ


መጋቢት 28 ቀን

ለልጄ፣

አንደበትሽን የከፈተ አምላክ መንገድሽን ሁሉ ይክፈትልሽ።

ምርመራው ካለቀ ገና ሁለት ቀኑ ነው፤ ደብዳቤሽ ሊደርሰኝ አይችልም። ቢሆንም ማለፋችሁን አልጠይቅሽም። አልፋችኋል።

ክፍሌ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወደ እኔ የሚመጣ ሰው የለም፤ ጎረቤቶቼም በሬን ማንኳኳት ከተዉ ቆይተዋል። ዛሬ ጠዋት ጫማዬን ሳስር በሩ ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ። አንዱን ጫማ አስሬ ሌላውን ሳላስር አልጋው ጠርዝ ላይ ቀረሁ። የተነቀለው እጀታ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ እሱን እያየሁ ተቀመጥኩ። የበሬንም እጀታ ስይዘው ተነቅሎ እጄ ላይ የሚቀር መስሎኝ ፈራሁ። ደግሞ ሦስት። ችኮላ የለባትም። እንደምመጣላት ታውቃለች።

ሄጄ ሳብኩት። ተከፈተ።

ማንም አልነበረም። ደረጃው ግን እርጥብ ነው። ከታች ጀምሮ እስከ እኔ ደጃፍ ድረስ በየደረጃው ላይ የጫማ ውሃ አለ፤ አሸዋ ያለበት፣ ትንሽ ጫማ። ሁሉም ወደ ላይ የሚወጣ ነው። የሚወርድ አንድም የለም።

በሩን ይዤ ከመንገዷ ገለል አልኩ። እጅ ነሣሁ። ጎረቤቶቼ እስኪወጡ ድረስ ጮክ ብዬ «አለቃ፣ ደርሰዋል፤ ይግቡ» አልኩ።

ከዚያ በሩን መለስ አደረግሁት። አልቆለፍኩትም።

ጋሼሽ